ፀሐዩ የለበሰው ኮትህ

ውድ ሂርጳ፣

ቢሾፍቱ ልጅህ ቤት ከገባህ አራት ወር ሆነህ። ቱሉ ዲምቱ እንዳለች አለች፤ ሊፍት የሌለው አራተኛ ፎቃችንም እንዳለ አለ። ደረጃው ላይ ቆሞ ትንፋሹን እየሰበሰበ ስለ ሰው ልጅ ነጻነት የሚያስረዳኝ ግን የለም። አሁን ዝም ብዬ ነው የምወጣው። ቶሎ እደርሳለሁ፤ ደርሼ የምሠራው ነው የጠፋኝ።

የምጽፍልህ ስለ መጽሐፉ ነው። አብረን ስናስተምር ሠላሳ ዓመት ሐሳብህን ያጠራቀምክበትን ደብተር አዋስከኝ፤ እኔ ከዚያ ውስጥ የልብ ወለዴን ባለታሪክ፣ ፀሐዩን ፈጠርኩ። የዱቄት ፋብሪካ ባለቤት፣ ማሽን ጣቱን የቆረጠውን ሠራተኛ ከበር የሚያባርር። አንባቢ ወደደው፤ ክፉ ሰው መቼም ወዳጅ አያጣም። አንተ ግን አንብበህ እንደጨረስክ፣ ቃሊቲ ታክሲ ስንጠብቅ፣ መጽሐፉን እጄ ላይ አስቀመጥክና፦

«ሮሪሳ፣ ኮቴን አልብሰኸዋል። አካሄዴንም ሰጥተኸዋል። እኔን የት ጣልከኝ?» አልከኝ።

«ልብ ወለድ እኮ ነው» አልኩህ። የፈሪ መልስ መሆኑን አውቄዋለሁ። ታክሲው ቶሎ መምጣቱም ደስ ብሎኝ ነበር።

ባለፈው ሳምንት ቃሊቲ ማረሚያ ቤት አጠገብ ሱቅ ያላት ሰኪና አስቆመችኝ።

«ጋሼ፣ የጋሽ ሂርጳ ምሳ ዕቃ እኔ ጋ ቀርቷል። ካሳሁንም ጠያቂ አጣ።»

«ካሳሁን ማነው?»

«አያውቁም እንዴ? ዘመድ የሌለው እስረኛ ነው። ጋሽ ሂርጳ እሑድ እሑድ ስንቅ ያስገቡለት ነበር። ስድስት ዓመት ሙሉ!»

እሑድ እሑድ «ለብቻዬ ላስብ» ብለህ ስትጠፋ፣ እውነትም የምታስብ መስሎኝ ነበር።

ቤት ገብቼ ደብተርህን እንደገና ገለጥኩ። የእኔው ፀሐዩ «ማንም አያዘኝም፤ ስለዚህ ለማንም መልስ አልሰጥም» ይላል። አንተ የጻፍከው ግን «ማንም አያዘኝም፤ ስለዚህ ላደረግሁትም ላላደረግሁትም መልስ የምሰጠው እኔው ነኝ» ነው። ግማሹን ካንተ ወስጄ ቀሪውን ከራሴ ሞላሁት። ያንተ ኮቱ ብቻ ነበር፤ ክፋቱ የእኔ ነው።

ትናንት እሑድ ሽሮ ሠርቼ ሄድኩ። በሩ ላይ ጥበቃዋ እንደ ደንቡ ያመጣሁትን እሷ ፊት እንድቀምስ ጠየቀችኝ። ቀመስኩ፤ ጨው በዝቶበታል። ፊቴን አየችና፣ «አባት፣ ሰውዬው እኮ አንዴ ተፈርዶበታል» አለች።

ካሳሁን ከአጥሩ ማዶ ሲያየኝ ዓይኑ ከኋላዬ አንተን ፈለገ።

«ጋሽ ሂርጳ ሞቱ እንዴ?»

«አልሞተም፤ ተቀይሞኝ ነው። ክፉ ሰው አድርጌ መጽሐፍ ውስጥ አስገባሁት።»

«ታዲያ መቼ ነው የሚፈቱት?»

ለሁለተኛው ኅትመት የፀሐዩን ኮት አስወልቄዋለሁ፤ የእኔን ጃኬት ለብሷል፣ በልኩ ነው። አንተን የሚያስፈታው ግን ይህ ብቻ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ይቅርታ ሂርጳ። ያንን ያኔ ታክሲው ሳይመጣ ልልህ ይገባ ነበር።

የሚመጣው እሑድ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ሰኪና ሱቅ በር ላይ ነኝ። መጥተህ ጨውን ብትቀምስልኝ ለካሳሁንም ይበጀዋል። ባትመጣም ምሳ ዕቃህን ይዤ እገባለሁ።

ማንም አላዘዘኝም።

ደረጃው ላይ ብቻውን የቀረው፣
ሮሪሳ