ብድግ ማለቴ ያመጣብኝ ጣጣ

ለተከበሩ አባቴ፣ ለአቶ ሙሀመድሁሴን፤ ሐይቅ።

አሰላሙ ዓለይኩም አባባ። እንዴት ሰነበቱ? ብርዱ ጉልበትዎን አስቸግሮዎት ይሆን? እናቴንስ ሳሉ ተዋት? ወንድሜ ኡመይር በደወልኩ ቁጥር ‹ሁሉም ሰላም ነው› ይለኛል፤ እሱ ግን ቤቱ ቢቃጠልም ሰላም ነው ከማለት አይመለስምና እውነቱን እርስዎ ያስጽፉልኝ። እኔ፣ አልሃምዱሊላህ፣ ጤናዬ ደህና ነው።

ስለ ሥራዬ ጠይቀውኝ ነበር። ልብስ ስፌቱን ወድጄዋለሁ፤ እጄም ፈጥኗል። ዘንድሮ ግን ፋብሪካው ከራሳችን በላይ ካሜራ ሰቅሏል። ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሉት ነው፤ ማን እንደሠራ፣ ማን እንደቦዘነ ራሱ አይቶ ራሱ ይፈርዳል።

በእኛ መስመር ቁርጥራጭ ጨርቅ የሚሰበስቡ አቶ ቢቂላ የሚባሉ ሽማግሌ አሉ። ፋብሪካው ሳይመጣ በፊት እዚሁ ቦታ ላይ ጤፍ ያርሱ ነበር። እርስዎ እንዳሳደጉኝ፣ ባለፉ ቁጥር ‹ኖር› ብዬ ብድግ እላለሁ፤ እሳቸውም ‹በእግዜር፣ ተቀመጪ ልጄ› ይሉኛል። ለካ ካሜራው ያንን ሁሉ ‹ሥራ ጥሎ መነሳት› እያለ ሲይዝብኝ ኖሯል! የሙከራ ጊዜዬ ሲያልቅ ቋሚ መሆኑ ቀርቶ ማስጠንቀቂያ ደረሰኝ። አንዴ ከተደገመ መባረር ነው።

አለቃችን ሳምራ ክፉ ልጅ አይደለችም፤ ስነግራት አዘነችልኝ። ግን ‹ኮምፒውተሩ የወሰነውን እኔ መሻር አልችልም› አለች። ታዲያ ማን ይችላል ብላት እሷም አታውቅም። ደሜ ፈላ አባባ። ሰው ቢበድለኝ ሽማግሌ እልክበታለሁ፤ ካሜራ ዘንድ ማንን ልላክ?

አቶ ቢቂላ ይህን ሲሰሙ በእኛ በኩል ማለፍ ተዉ። ጆንያቸውን ተሸክመው በጓሮ፣ በጭቃው ይዞራሉ። ትናንት ግን ዝናቡ አላስኬድ ብሏቸው በመሀላችን መጡ። ገና ከሩቅ እጃቸውን እያወዛወዙ ‹አደራ፣ እንዳትነሺ› አሉኝ። ከደሞዜ የምከፍለው የታናሽ እህቴ የኢሽራቅ ትምህርት ታሰበኝ። አንገቴን ደፍቼ ተቀመጥኩ። እኔ ምንም ሳልላቸው፣ እሳቸው ቀስ ብለው ‹በእግዜር› ብለውኝ አለፉ። እንባዬ በስፌቱ ላይ ወረደ።

እናቴን ጉልበቷን ሳምኩ ይበሉልኝ። ኢሽራቅን ጉንጯን ይሳሙልኝ፤ ምክንያቱን ግን አይንገሯት። አክስቴ ሞሚናንና ያንን ሰላሙ የማያልቅበትን ኡመይርን ሰላም ይበሉልኝ። ዱዓ ሲያደርጉ አቶ ቢቂላንም ያስቡልኝ። እርስዎም አባባ፣ ሽማግሌ ሲያልፍ መቀመጤን ይቅር ይበሉኝ።

ልጅዎ ሀኒፋ

ቂሊንጦ፣ አቃቂ ቃሊቲ
ነሐሴ 9 ቀን 2017 ዓ.ም.