እማዬ በጣቷ የዘፈነችበት ምሽት

ለምወድህ ወንድሜ ለአግሪስ፣

እንዴት ከርመሃል? ያ ወገብህ ተሻለህ? ኖራስ፣ ትንሿ ማራስ ደህና ናቸው? የኮርክ ከተማ ዝናብ ዘንድሮስ ፋታ ሰጣችሁ? እኛ በጣም ደህና ነን። ብዕር ያስነሳኝ ደስታ ነውና ሳትደነግጥ አንብብ።

እማዬ ጉሮሮዋን ቀዶ ጥገና ካደረገች ወዲህ ከሹክሹክታ በላይ እንደማይወጣት ታውቃለህ። እኔን የከበደኝ ግን ሌላ ነበር፤ ዕድሜዋን ሙሉ አብራቸው የዘፈነቻቸው ሴቶች በበር ሲያልፉ መስኮቱን ትዘጋ ጀመር። በየበጋው ስንዘፍን ለምናመሸው ለሊጎ በዓልም እንዳትጠሩኝ ብላ ነበር።

እኔ ከሪጋ ስመጣ ለኤሌክትሪክ ሙዚቃ መሣሪያዬ፣ ለሲንተሳይዘሬ፣ የገዛሁትን ኦሲሌተር ይዤ መጣሁ። ከመዳፍ የማይበልጥ ሣጥን ነው፤ ሥራውም ኤሌክትሪክን እያርገበገበ ድምፅ ማፍለቅ ብቻ። ትልቁ ቁልፍ ከበድ ብሎ ይዞራል፤ ለአመል ያህል ስትነካው ድምፁ ከፍ ወይም ዝቅ ይላል። ገመዱን አንዱ ቀዳዳ ላይ ስትሰካው እንደ ዋሽንት የጠራ ነው፣ ሌላው ላይ ስትሰካው እንደ መጋዝ ይሻክራል። ወጥ ቤት ተቀምጬ ትንሿን ቁልፍ ሳዞር ሻካራው ለስለስ አለና የሰው ጉሮሮ የመሰለ «ኤ—» ወጣ።

እማዬ ድንች እየላጠች ነበር። ቢላዋዋን አስቀመጠች። «እስቲ ወዲያ በይ» አለችኝ በሹክሹክታ። ቁልፉን ይዛ ወደ ታች፣ ወደ ላይ ፈለገችና ያንን ሴቶቹ ሲዘፍኑ ከስር «ኤ—» እያለች ሳይቋረጥ ትይዘው የነበረውን የራሷን ድምፅ አገኘችው። ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ ሳቀች።

በበዓሉ ምሽት፣ ፀሐይ ገና ሳትጠልቅ፣ በባትሪ የሚሠራ ስፒከር ተሸክሜ ተከተልኳት። የሴቶቹ ዘፈን አውጪ ሞኒካ ምላሷን ታውቀዋለህ፤ «ስካይድሪቴ! ከርመሽ ከርመሽ ሬዲዮ ይዘሽ መጣሽ?» አለቻት እማዬን። ሌላዋ ደግሞ ስፒከሩ እዝዝ ሲል «ኧረ ቢራችን ውስጥ ንብ ገብቷል!» ብላ ሁሉንም አሳቀች። እማዬ አጠገባቸው ተቀመጠች። ሞኒካ ስለ እሷ የተረብ ዘፈን አወጣች፤ እኔ ፊቴ ቀላ፣ እማዬ ግን ቁልፉን አዞረች።

መጀመሪያ አማረ። ከዚያ አየሩ ሲቀዘቅዝ የሣጥኑ ድምፅ ቀስ እያለ ወረደ። «ሣጥንሽ ሰከረ እንዴ?» ሲሏት ላስተካክል እጄን ብዘረጋ እማዬ መታ አደረገችኝ። ዓይኗን ጨፍና አዳመጠች፤ በጣቷ ጫፍ ገፋ ስታደርገው ድምፁ ቦታው ገባ። ሴቶቹ አንድ በአንድ «ኤ—» እያሉ ተቀላቀሉት። ሞኒካም ቀስ በቀስ ተረቡን ትታ የእማዬን የድሮ ዘፈን አነሳች፤ ጉንጯ ረጥቦ ነበር። በመጨረሻ ደረቷን ይዛ «አንቺ ሴትዮ፣ ያንቺ እኮ ትንፋሽ አይወስድም፤ እኛን ልትገድይን ነው!» ብላ እማዬን እቅፍ አደረገቻት።

ሣጥኑን መልሺልኝ ብላት እማዬ ሽርጧ ኪስ ውስጥ ከተተችውና «ሪጋ ሱቅ ሞልቷል፣ ሌላ ግዢ» አለችኝ።

ኖራን በጉንጯ ሳምልኝ፤ ለማራ አክስትሽን ናፍቀሻታል በላት። አባዬ አይብ ልኮላችኋል፤ አጎቴ ቪልኒስም ሰላም ብሎሃል። እማዬ ራሷ ልትጽፍልህ ነበር፤ ነገር ግን ሞኒካ በመስኮት «ስካይድሪቴ፣ ልምምድ ረፈደብን!» ብላ ተጣራች፣ እሷም ጫማዋን በቅጡ ሳታስር ወጥታ ሄደች።

እህትህ ዚንትራ
አልሱንጋ፣ ጁን 26 ቀን 2023