ጾም ሳይፈታ የደረሰው ቅርጫት

ሀዋሳ፣ ጥር 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ውድ ልጄ ናሆም፣

እንደምን ከረምክልኝ? የኦስሎው ብርድስ እንዴት አድርጎሃል? ደብዳቤ ሲደርስህ ትደነግጥ ይሆናል። በዚህ ዘመን ደብዳቤ የሚልክ ወይ ፍርድ ቤት ነው፣ ወይ እንደ እኔ ያለ ሥራ ፈት ጡረተኛ። በስልክ እንዳልነግርህ ስልኩ ከእናትህ እጅ አይወጣም፤ እኔ ሳወራም ድምፁን ከፍ አስደርጋ አጠገቤ ትቀመጣለች። እሷ እየሰማች የማልናገረው ነገር አለኝ። ስለዚህ ይህን ጽፌ ለጎረቤታችን ለታቢታ ልጅ ለሄራን እሰጣታለሁ። በዓሉን እናቷ ጋ አሳልፋ ሐሙስ ወደዚያው ወደ እናንተ ትመለሳለች።

ባለፈው ሳምንት «አባዬ፣ የገናው ስጦታ እንዴት ነበር? ለፋሲካ ትልቁን ቅርጫት ልዘዝ?» ብለህ ጻፍክልኝ። እኔም «በጣም ጥሩ ነበር» ብዬ መለስኩ። ዋሽቼሃለሁ። አሁን እውነቱን ልንገርህ፤ እስከ መጨረሻው ሳትቆጣ አንብበው።

መጀመሪያ ስለ ዕቃው። ቅርጫቱ ያምራል፣ እሱን አልክድም። በሚያብረቀርቅ ፕላስቲክ ተጠቅልሎ፣ ቀይ ሪባን ታስሮበት፣ ሙሽራ መስሎ ነው የመጣው። ውስጡን ግን ማን እንደመረጠው እንጃ። ማርማላታ አለበት፤ እኔ ስኳር እንዳለብኝ ታውቃለህ። ለቀሩኝ ጥርሶች የማያዝን ደረቅ ብስኩት አለበት። ወይን አለ፣ ቺዝ አለ። ከሁሉ የገረመኝ የቆርቆሮ ዓሣው ነው። ሀዋሳ ለሚኖር ሰው የቆርቆሮ ዓሣ! ሐይቁ ዳር አሞራ ገደል ወርጄ ገና የሚንፈራገጠውን ዓሣ አስመዝኜ የምገዛ ሰውዬ፣ የየት አገር ባሕር እንዳሳደገው የማላውቀውን ዓሣ በመክፈቻ ስታገል አስበኝ። ድመቷ እንኳ አሸተተችውና ሄደች። ዶሮ ወጡም ተሠርቶ በፕላስቲክ ዕቃ ታሽጎ ነበር፤ ወደ እሱ እመለሳለሁ።

ይህ ሁሉ ተስቆ ያልፋል። የማያልፍልኝ የመጣበት ቀን ነው። አንተ ያዘዝከው ላለህበት አገር ሰዎች ገና ነው፤ ቅርጫቱም ታኅሣሥ 16 ቀን፣ ረቡዕ ጠዋት፣ በጾሙ መሀል ደጃችን ደረሰ። የነቢያት ጾም ከልብህ እንዴት እንደወጣ አልገባኝም። ድሮ «አባዬ ስንት ቀን ቀረው?» እያልክ የምታደርቀን አንተ አልነበርክም? ቤት ብሆን ተቀብዬ ቁም ሳጥን ውስጥ እደብቀው ነበር። ቤተ ክርስቲያን ነበርኩ። በሞተር ያመጣው ሰው ለእናትህ አስረክቧት፣ «መልካም ገና» ብሏት ሄደ።

ስመለስ ነጭ ቀሚሷን ለብሳ፣ ነጠላዋን አጣፍታ፣ በየበሩ «እንኳን አደረሳችሁ» እያለች ስትዞር አገኘኋት። «ናሆም የገና ልኮልናል፤ አንተ በበዓል ቀን የት ጠፍተህ ነው?» አለችኝ። ፊቷ እንዲያ ፈክቶ ካየሁት ቆይቻለሁ።

ናሆም፣ እናትህ መርሳት ጀምራለች። መነጽር ያስቀመጡበትን መርሳት አይደለም፤ እሱማ እኔም እረሳለሁ። በመስከረም ገበያ ብላ ወጥታ ባጃጅ ይዛ ቱላ ሄደች፤ አንተ ሳትወለድ ተከራይተን የነበረውን ቤት ፍለጋ። አንድ የሰፈሩ ሰው አውቋት ነው ይዟት የመጣው። ሐኪሙ መድኃኒቱ ጥቂት ያዘገየው ይሆናል እንጂ አይመልሰውም አለኝ። ላንተ አልነገርኩህም። በስልክ «በላህ? ለበስክ? ብርዱን ተጠንቀቅ» ትልሃለች፣ አንተም እማዬ ደህና ናት ብለህ ትዘጋለህ። እነዚህን እስካሁን አልረሳቻቸውም።

ታቢታ ጴንጤ ናት፤ የእኛን ጾም ባትጾምም ቀኑን ከእኔ እኩል ታውቀዋለች። እናትህ «እንኳን አደረሰሽ» ስትላት ለአፍታ ወደ እኔ አየች። እኔ አንገቴን ደፋሁ። «እንኳን አብሮ አደረሰን፣ እማማ ፀሐይ» ብላ አቀፈቻት፤ ገብታም የበዓል ልብሷን ቀይራ መጣች።

እናትህ ወጡን አሞቀች። በጭልፋ እያገላበጠች ፈረሰኛውን ብትፈልግ የለም። «ይህን ዶሮ የገነጣጠለው ማነው? ዐሥራ ሁለት ብልት ማውጣት የማይችል ሰው እንዴት የበዓል ወጥ ይሠራል?» ብላ ተቆጣች። ቀኑ የጠፋባት ሴት የዶሮው ብልት አልጠፋባትም። ታቢታ ሳቀች፣ እኔም ሳቅሁ፤ ከዚያ ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ።

ስወጣ ጉርሻ ጠቅልላ ጠበቀችኝ። ከልጅነቴ ጀምሮ ጾም ገድፌ አላውቅም። ግን እጇ አፌ ላይ ደርሶ፣ ያን ፊት እያየሁ፣ «ፀሐይ፣ ዛሬ ጾም ነው» የምልበት አንጀት ከየት ይምጣ? ዋጥኩት። ለንስሐ አባቴ ነግሬያቸዋለሁ። ስለ እሷ ብቻ ጠየቁኝ።

ከሰዓት በኋላ ደወልክ። ታስታውስ እንደሆነ «የት ደርሰሃል?» አለችህ። ቀልድ መስሎህ «መንገድ ላይ ነኝ እማዬ» አልካት። አልፈርድብህም፤ ምኑን አውቀህ? እሷ ግን ታፋውን ለይታ በሳህን አስቀመጠችልህ። «ቅርጫቱን አስቀድሞ ነው፤ እሱ ከኋላ እየመጣ ነው» አለችን። እስኪመሽ በር ላይ በርጩማ አውጥታ ተቀመጠች። በማግሥቱም ወጣች። በሦስተኛው ቀን ታፋው ስለሸተተ ሰርቄ ጣልኩትና «ናሆም መጥቶ በልቶ ሄደ፤ ተኝተሽ ነበር» አልኳት።

«ሳይስመኝ?» አለች።

«እንዳይቀሰቅስሽ ብሎ ነው።»

ቀኑን ሙሉ አላናገረችኝም። ያኮረፈችው ግን አንተን ነው።

የእኛው ገና ሲደርስ ደወሉን ሰምታ «የማን ሠርግ ነው?» አለችኝ። ገና ነው ብላት «ልጄ ሳይስመኝ የሄደበት ገና አልፎ የለም እንዴ?» ብላ ወደ ግድግዳው ዞረች። እኔም ዶሮ ሳልገዛ ዋልኩ፤ ታቢታ ናት ምሳ ያመጣችልን።

እንግዲህ ጥያቄህን ልመልስልህ። የተዘጋጀ ቅርጫት ለአለቃ ጥሩ ነው፣ ለአከራይም ጥሩ ነው፤ ምን እንደሚወድ ለማታውቀው ሰው ስትልከው ማንም አያማህም። ለእኛ ግን አትዘዝ፣ ትልቁንም ትንሹንም። ለፋሲካ ራስህ ና። ፈቃድ አይሰጡኝም ትለኝ ይሆናል፤ ይህን ደብዳቤ አስተርጉመህ አሳያቸው። ባዶ እጅህን ና። እዚህ ዶሮም አለ፣ ዓሣም አለ፣ የጠፋው አንተ ነህ። ፈርቻለሁ፣ ልጄ። ስምህን ታውቀዋለች፤ ፎቶህን ሳሳያት ግን አንዳንድ ቀን «ወንድሜ ግዛቸው» ትለኛለች። እስከ ፋሲካ ምን እንደሚቀራት አላውቅም።

ሄራን ስትሰጥህ ዓይኗ እንባ ካቀረረ አትደንግጥ፤ እናትህ ትናንት አቅፋት ማን እንደሆነች ስትጠይቃት ነው የዋለችው። አደራ የሰጠኋት እመቤታችን ማርያም ባለህበት ትጠብቅህ፤ መንገድህን ታቅናልህ፤ ለዓይነ ሥጋ ታብቃን።

ሳልዘጋው እናትህን «ለናሆም እየጻፍኩለት ነው፤ ምን ልበልልሽ?» አልኳት። በመስኮቱ ወደ ደጅ እያየች ትንሽ አሰበች።

«ከትምህርት ቤት ሲወጣ ሐይቁ ዳር እንዳይቆም» አለችኝ። «ሳይመሽ ቶሎ ይግባ በለው።»

እንዳለችው ጽፌልሃለሁ።

አባትህ ሙሉጌታ