የውሃ ተርብ ከቅርብ ሲታይ

ጥቅምት 6 ቀን 1975፣ ቦንጋ

ቅዳሜ። ጠዋት ፈተና አረምኩ። ከሰዓት ጋሽ ኑሪ ፎቶ ቤት፤ ፊልሜ ታጥቧል። ሠላሳ ስድስት ፎቶ። ሠላሳ አራቱ ጭጋግ፣ አንዱ የራሴ ጫማ፣ አንዷ የውሃ ተርብ... ተርብ መሆኗንም የማውቀው እኔ ስላነሳኋት ነው።

ጋሽ ኑሪ መነጽራቸውን ከፍ አድርገው አዩ። "ስሚ ብርቅዬ፣ ይቺ ተርቧ ናት ወይስ ነፍሷ ስትወጣ?"

ለአሥረኛ ክፍል ግድግዳ ትልቅ ፎቶ ይሆናል ብዬ ነበር። መጽሐፋችን ላይ ያለው ሥዕል ከዝንብ አይለይም። እውነተኛዋ ግን አራት ክንፍ፣ ትልልቅ ዓይን፣ እንደ መርፌ የቀጠነ ጅራት... ወንዙ ዳር ሞልቶ ተማሪዎቼ ዝንብ ያጠናሉ።

ጥቅምት 10

ጋሽ ኑሪ ቀለበት አዋሱኝ። በካሜራውና በሌንሱ መሃል ይገባል፤ ትንሹን ያተልቃል። "አንድ ጣት ወደፊት ወይ ወደኋላ ካልሽ ግን ሁሉም ጠፋ" አሉ። "ትንፋሽሽንም ያዢ።"

ትንፋሽ መያዙንስ በየስብሰባው ለምደነዋል።

ጥቅምት 14

እሁድ። ከድልድዩ በታች ረግረጉ ላይ በሆዴ ተኛሁ። ሁለት ሰዓት ሙሉ። ቀሚሴ ጭቃ፣ ክርኔ ተላጠ። ስጠጋ ተርቧ ትበራለች፣ ስርቅ ትመለሳለች። እያሾፈችብኝ ይሆን?

ብድግ ስል ሁለት የጥበቃ ሰዎች ከኋላዬ ቆመዋል።

"ድልድዩን ነው የምታነሺው?"

"ተርብ ነው።"

ተያዩ። ካሜራውን ወሰዱት። እኔም ተከተልኩ። ስሜን መዝግበው ለቀቁኝ፤ ካሜራው ቀረ።

ጥቅምት 16

ቀበሌ ተጠራሁ። ካድሬው ጓድ ጣሰው ፊልሙን አሳጥቦ ፎቶዎቹን ጠረጴዛ ላይ ደርድሯል። አንዱን መዞ ገፋልኝ።

"ይሄ ምንድነው?"

"የውሃ ተርብ።"

"ጓዲት፣ አታሞኚኝ። ይሄ ሄሊኮፕተር ነው። የማን ነው? የት ሊያርፍ ነበር?"

አየሁት። ደብዛዛ፣ ጥቁር፣ ረጅም ጅራት፣ ከላይ የሚሽከረከር ነገር... እውነት ለመናገር ሄሊኮፕተር ይመስላል። ፎቶ ማንሳት ስለማልችል ልታሰር ነው።

ሪፖርቱ ለበላዮቹ ወደ ጅማ ተልኳል አለኝ። ሳቄ መጣ፤ ወዲያው ዋጥኩት። እዚያ የቀበሌ ክፍል የገባ ሁሉ ወጥቷል? አምና የሒሳቡ መምህር... እሱን አልጽፍም።

ለመንኩ። አንድ ሳምንት ሰጠኝ፤ ተርብ መሆኑን በፎቶ ላረጋግጥ። ካሜራው ከጠባቂ ጋር ይወጣል፣ ከጠባቂ ጋር ይመለሳል።

ጥቅምት 17

ስለ ልብ እያስተማርኩ ሳንባ ሣልኩ። ተማሪዎቹ ዝም ብለው ገለበጡ።

ጥቅምት 18

ጠባቂዬ ጋሽ ዳምጤ ናቸው። ሚሊሺያ የሆኑ ሽማግሌ ገበሬ፤ ጠመንጃቸው ከእሳቸው ይረዝማል። ከትምህርት በኋላ ወረድን። ፀሐዩ ሞቋል፣ ተርቦቹ አንድ ቦታ አይረጉም። ስድስት ፎቶ አባከንኩ። ጋሽ ዳምጤ ሲያዩኝ ቆዩና፣

"አንቺ አስተማሪ ነሽ?"

"አዎ።"

"የምን?"

"የባዮሎጂ።"

ራሳቸውን ነቀነቁ። "ጠዋት ይሄ አይበርም። ብርድ ነው ለሱ። ጤዛ ለብሶ ቄጠማ ላይ ይተኛል። ብትነኪው እንኳ አይሄድም።"

ደሙ ቀዝቃዛ ነው ብዬ በየዓመቱ ጥቁር ሰሌዳ ላይ እጽፋለሁ። ዲፕሎማዬን ለጋሽ ዳምጤ ላስረክብ?

ጥቅምት 20

ማለዳ ወረድን። እውነታቸውን ነው። ረጅም ቄጠማ ላይ ተንጠልጥላ፣ ክንፏ ላይ ጤዛ ተደርድሮ...

ከፊት ሳይሆን ከጎን፤ እንደዚያ ከራስ እስከ ጅራት ይጠራል ብለውኛል ጋሽ ኑሪ። ብርሃኑ ግን ትንሽ ነው፤ ካሜራው ብዙ ተከፍቶ መቆየት አለበት። ካሜራውን የማስደግፍበት ደግሞ የለም።

ጋሽ ዳምጤ ጥይቱን አወጡ። ቁጢጥ ብለው ጠመንጃውን መሬት ላይ አቆሙ፣ አፈሙዙን በጋቢያቸው ጠቀለሉት። "እዚህ አስቀምጪ።"

አስቀመጥኩ። ጠመንጃ ሰው ሲጠቅም የመጀመሪያ ማየቴ ነው። አሥራ አራት ፎቶ።

ጥቅምት 23

ጋሽ ኑሪ ትልቅ አድርገው አተሙት። ዓይኗ እንደ ወንፊት፤ የእግሯ ፀጉር ይቆጠራል። እኔ ነኝ ያነሳሁት? ይዤው ቀበሌ ሄድኩ።

ጓድ ጣሰው አገላብጦ አየው። "ይሄስ ተርብ ነው። ያኛውስ?"

"ያኛውም እሷው ናት።"

"ያኛው እኮ ጅማ ደርሷል።"

ብዕሩን አነሳ። ከዚያ ድምፁን እያሰማ ጻፈ፤ "ሄሊኮፕተሩ... በጥበቃው ንቃት... ሳያርፍ ተመልሷል።" በምስክርነት ፈረምኩ። ካሜራዬን ሰጠኝ።

ነፃ ነኝ። አገሬም ከወረራ ድናለች።

ኅዳር 12

ፎቶው ክፍል ውስጥ ተሰቅሏል። ለጓድ ጣሰው ከጅማ የምስጋና ደብዳቤ መጣለት፤ በዕድገት ወደዚያው ሊዛወር ነው። ዛሬ ጋሽ ኑሪ ቤት አስጠራኝ።

"እንደ ተርቧ ጥርት አድርገሽ አንሺኝ። ትልቅ ይሁን።"

መስኮት አጠገብ አስቀመጥኩት። ከጋሽ ኑሪ ቀለበቶች ስሱን አስገባሁ። ተጠጋሁ።

"አይተንፍሱ ጓድ" አልኩት። አልተነፈሰም። ትንሽ አቆየሁት።

ኅዳር 15

ጋሽ ኑሪ ቤት ፎቶውን ሰጠሁት። የፊቱ ቆዳ ቀዳዳ በሙሉ፣ ጥርሱ መሃል የቀረች ጎመን... እና ዓይኑ። ዓይኑ የፈራ ሰው ዓይን ነው። ማንን? እሱም የሚጠራበት ክፍል ይኖር ይሆናል።

ቆይቶ፣ "ትንሽ ማደብዘዝ አይቻልም... መምህርት?" አለ ዝግ ብሎ። መምህርት ብሎኝ አያውቅም።

ጋሽ ኑሪ ወደ ጓዳ ገቡ። ሲስሉ ሰማሁ። ሳል አልነበረም።

ራቅ ብለው ሌላ አነሱለት። እሱን ወሰደ።

ኅዳር 18

ጓድ ጣሰው ዛሬ ሄደ። መናኸሪያው ጋ ተገናኘን፤ ቀድሞ ሰላም አለኝ። ወር ሙሉ ሳየው መንገድ እቀይር ነበር። ዛሬ ቀጥ ብዬ ቆምኩ፤ ያ ዓይን ነው የሚታየኝ።

ጠጋ አለ። "የዚያ ፎቶ ፊልም ጋሽ ኑሪ ዘንድ ነው?"

"አይደለም።"

"ታዲያ የት ነው?"

"እኔ ጋ። ከተርቦቹ ጋር።"

ሊናገር አፉን ከፈተ። የአውቶቡሱ ረዳት ሻንጣውን ጣራ ላይ ወርውሮ፣ "የጅማ፣ ግባ" አለው።

ገባ።