ከዐይን ቆብ በላይ

መርካቶ፣ የካቲት 9 ቀን 1956 ዓ.ም.

ለእናቴ፣

አሰላሙ አለይኩም። የቀኝ ጉልበትሽ ብርዱን እንዴት ቻለው? እኔም ሆንኩ ወንድምሽ፣ አጎቴ ሽኩር፣ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ይህን ደብዳቤ እህቴ ሐጀራ ብቻ ታንብብልሽ፤ አባቴ ባለበት አይነበብ።

የጀማለዲን ሽማግሌዎች መልሴን እንደሚጠብቁ የላክሽልኝ መልእክት ደርሶኛል። የዘገየሁት በአንድ ቃል ሰበብ ነው። እንግሊዛዊው አስተማሪያችን «ገባሽ ወይ?» ሲለኝ ቅንድቤን አነሳሁለት። ደግሞ ጠየቀኝ፤ ደግሜ አነሳሁ። ሰውዬው ለካ ተቀይሟል! የውጤት ካርዴ ላይ «ሱፐርሲሊየስ» ብሎ ጻፈብኝ። አጎቴ ጎረቤት ያለን ነጋዴ ቢያስነብብ «ኩራተኛ፣ ሰው የምትንቅ» ማለት ነው አለው። አጎቴም በገነ፤ «ለትዕቢት ነው እንዴ የማስተምራት? ትሂድና ታግባ!» አለ።

እኔም እልህ ይዞኝ የትምህርት ቤቱን ትልቁን መዝገበ ቃላት ገለጥኩ። ቃሉ የመጣው ከላቲን ነው፤ እንደ ግዕዝ ያለ የጥንት ቋንቋ ነው። «ሱፐር» በላይ፣ «ሲሊየም» የዐይን ቆብ፤ ሁለቱ አንድ ላይ ቅንድብ ማለት ነው። በነሱ ዘንድ ቅንድቡን የሚያነሳ ሰው ሌላውን የናቀ ነው። እኛ እሺ የምንልበትን!

ቅዳሜ አስተማሪውን ለምኜ አንዋር መስጊድ አጠገብ ወዳለው ሱቃችን አመጣሁት። በዚያ በኮልታፋ አማርኛው አቡጀዲ እንዳለ አጎቴን ጠየቀው። አጎቴ ቅንድቡን አነሳ። ደግሞ ጠየቀ፤ አሁንም አነሳ። ፈረንጁ ፊቱ ቀልቶ ሊወጣ ሲል «ኧረ አለ ማለቱ ነው! እኔም ገባኝ ማለቴ ነበር» ብዬ ያዝኩት። ትንሽ አሰበና ሳቀ፤ ካርዱን ተቀብሎም ቃሉን ሰረዘው።

አጎቴ ግን አልሳቀም። አቡጀዲውን እየጠቀለለ ቆየና ስላንቺ ነገረኝ። ለኒካህሽ ፈቃድሽን ሲጠይቁሽ አንቺም ቀና ብለሽ ቅንድብሽን አነሳሽ፤ እሺ ብላለች ተብሎ ዱዓ ተደረገ። «እኔ አጠገቧ ነበርኩ፤ ዐይኗ ዕንባ ሞልቶ ነበር፤ ቀና ያለችው እንዳይፈስባት ነው» አለኝ። ከዚያ ወዲህ ስለ ማግባት አላነሳብኝም።

እማዬ፣ በደብዳቤ ቅንድብ አይታይምና መልሴን በቀለም ጽፌዋለሁ፤ ጀማለዲንን አላገባም፤ ትምህርቴን እጨርሳለሁ። ለአባቴ የምትነግሪው አንቺ ነሽ። ስትነግሪው ቀና አትበዪ፤ ዕንባሽም ከመጣ ይውረድ።

አላህ ጉልበትሽን ያበርታልኝ፤ ዐይንሽን ለማየት ያብቃኝ።

ልጅሽ