ዳማ አትሸጥም

ታኅ. 4፣ ከምሳ በኋላ

አለፍኩ! መንጃ ፈቃዴ እጄ ላይ ነው! ፎቶዬ አፍጥጧል፣ ግን እኔው ነኝ፣ አስካለ ራሴ!

እንዴት ሰነበትሽ እንኳ ሳልልሽ ዘለልኩብሽ፤ አትቀየሚኝ ማስታወሻዬ። ደብረ ብርሃን እህቴ ቤት ሆኜ መንዳት ስማር ትቼሽ ሄድኩ፤ የእህቴ ልጆች ያነቡሻል ብዬ ፈራሁ። ዛሬ በሚኒባስ መሐል ሜዳ ገባሁ። ከመናኸሪያ እስከ ቤት ያገኘሁትን ሁሉ ሳምኩ። አንዱ የማላውቀው ሰው ነው መሰለኝ።

ጌታነህ ደጃፍ ፀሐይ ይሞቃል። (ባሌን ከዚህ በኋላ ጌ. እለዋለሁ፤ እስክሪብቶዬ ሊያልቅ ነው።) ካርዱን እጁ ላይ አኖርኩለት። በአውራ ጣቱ ዳበሰው። ፎቶዋ ታምራለች ወይ አለኝ። ካንተ ትሻላለች አልኩት። እንባው እስኪመጣ ሳቀ።

ዓይኑን የወሰደው የዓይን ግፊት ነው። አይመለስም ብለውናል። ዕድሜውን ሙሉ የነዳት ፒካፕ ግቢ ቆማለች። ቀለሟ እንደ ዳማ ፈረስ ነውና ዳማ ብሎ ጠራት። የገበያውን ገብስና ባና፣ የሱፉን ብርድ ልብስ፣ እያመላለሰች እዚህ ያደረሰችን እሷ ናት። ታናሽ ወንድሙ ወርቁ አስካለ አትችላትም፣ ልግዛት ብሎ ግማሽ ቃል ተቀብሏል። ግማሽ ቃል ምን ማለት ነው? ግማሽ ሙሽራ አለ? የቀረችውን ግማሽ እኔ ይዣታለሁ።

ተነጋገርን። ከጥምቀት በፊት ራቤል ገበያ ደርሼ፣ ጭነት አራግፌ፣ ሌላ ሾፌር ሳልጠራ ከተመለስኩ ዳማ አትሸጥም። ካቃተኝ ወርቁ ይወስዳታል። ጌ. አብሮኝ አይሄድም፤ ወርቁ ግን ምስክር ነኝ ብሎ ይሄዳል። እሺ አልኩ። መፍራቴን ግን ላንቺ ብቻ ነው የምነግርሽ።

ታኅ. 7፣ ጠዋት

ውርጩ ሣሩን አንጥቶታል። ዳማ ውስጥ ተቀምጫለሁ፤ የትም አልሄድም፣ ዳሽቦርዷን እያጠናሁ ነው። ቁልፉን አዞርኩ፤ ሞተሩን ሳላስነሣ። መብራቶቹ ሁሉ በሩ። ሳስነሣት ጠፉ። አስተማሪያችን ይል የነበረው፦ በርቶ የሚጠፋ ጤና ነው፤ ጭራሽ የማይበራ አምፑሉ ሞቷል፤ ተነሥታም የማይጠፋ አቤቱታ አለው።

ጠብታ ያላት ማንቆርቆሪያ የዘይት ናት። እየነዳሽ ቀይ ከበራች ዳር ያዢ፣ ሞተሩን አጥፊ፣ ክርክር የለም። የባትሪዋ ሣጥን ከበራች ባትሪው አይሞላም ማለት ነው፤ ቤት ትደርሺ ይሆናል፣ መንገድ ላይ ካጠፋሽ ግን መነሣቷን እንጃ። የነዳጅ መርፌ ዳገት ላይ ትዋሻለች፤ ሜዳ ላይ ጠይቂያት።

የሙቀት መርፌዋስ? ፈለግኩ፣ ፈለግኩ፣ የለችም። ለካ የቅዱስ ገብርኤል ሥዕል ተለጥፎባታል! ጌ.ን ጠየቅሁት። አዎ እኔ ነኝ አለ፣ ምንም ሳያፍር። መርፌ ለልብስ ሰፊ ነው፤ እኔ ዳማን በጆሮዬ ነው የነዳኋት አለኝ። ልላጠው ስል ተቆጣ። ያ ሥዕል ስንት ገደል አሳልፎኛል፣ ንኪውና እንተያያለን!

ኩርፊያ። ምሳ ለየብቻችን በላን።

ታኅ. 8

መምሬ ክንፈ ዘንድ ሄድኩ፤ የንስሐ አባታችን ናቸው። ነገሩን ስነግራቸው ፂማቸውን ይዘው ሳቁ። ጋቢያቸውን አጣፍተው ራሳቸው መጡ። ጌ. በድምፃቸው አወቃቸው፤ ተነሥቶ መስቀል ተሳለመ።

መምሬ፦ “ልጄ፣ ገብርኤል ሠለስቱ ደቂቅን ከእቶኑ አዳነ። እሳቱን ግን ሸፈነ ይላል?”

ጌ. የዳማን በር ዳብሶ ከፈተላቸው። ጸሎት አድርሰው ሥዕሉን በገዛ እጃቸው ቀስ ብለው አነሡት፤ ከመስታወቱ በላይ፣ ከፍ ያለ ቦታ አስቀመጡት። ለመልአኩ ክብር ይሻላል፣ ለአንቺም ለዓይንሽ አሉኝ። የቀረውን ሙጫ በላምባ ፈተግኩት። መርፌዋ ወጣች! ቀጭን፣ ብርቱካን መሳይ። በአንድ ጫፍ ሰማያዊ፣ በሌላው ቀይ። መሃል ላይ ስትሆን ደህና ናት።

ታኅ. 15፣ ማታ

ጉድ ሠራሁ። ስሚኝ።

ዛሬ በዘመሮ መንገድ ልምምድ ነበር። ጌ. ጎኔ ተቀምጧል። ማርሽ ቀንሺ፣ ፍሪሲዮኑን ረግጠሽ አትቆዪ፣ ይለኛል፤ በጆሮው ሁሉን ያያል። ዳገቱን ስንጀምር መርፌዋ ከመሃል አለፈች። ነገርኩት። ጆሮዬ ዳማ ደህና ናት ይለኛል፣ ንጂ አለኝ። ነዳሁ። መርፌዋ አሁንም ከፍ አለች። ዳገት መሃል አይቆምም፣ ሰው ይስቅብሻል አለኝ። ይሳቅ! ሜዳ ቦታ ሳገኝ ዳር ያዝኩ፣ አጠፋሁ። ጌ. ጉልበቱን መታ። ወርቁ እውነቱን ነው አለ።

ማስታወሻዬ፣ ያቺ ቃል ወጋችኝ። ግን ቁልፉን ከኪሴ አላወጣሁም።

ኮፈኑን ከፈትኩ፤ ትኩሳቱ ፊቴን ጠበሰኝ። የራዲያተሩን ክዳን በትኩሱ እንዳትነኪ፣ ፈልቶ ይገነፍልብሻል ብሎ ጮኸ። እሱን እንኳ ተምሬያለሁ። ቆመን ጠበቅን። ድንገት ጌ. አፍንጫውን ነፋ ነፋ አደረገ።

“አስካለ፣ ሱፍ ይሸተኛል።”

ባናው! ውርጩን ፈርተን ማታ ማታ አሮጌ ባና ራዲያተሩ ፊት እንሸጉጣለን፤ ለፈረስ ልብስ እንደሚደረብለት። ጠዋት ማውጣት ነበረብኝ። ረሳሁት! ዳማ ተከናንባ ዳገት ስትወጣ ምን ታድርግ፣ ነፋስ ከየት ያግኛት? ጫፉ ጠቁሯል። ጎትቼ አወጣሁት፣ ጌ. እጅ ላይ ጣልኩት። ዳበሰው፣ አሸተተው። ከዚያ ሁለታችንም መሬት ላይ ተቀምጠን እስኪያመን ሳቅን።

ከበረደች በኋላ ውኃዋን አየሁ፣ አልጎደለም። ተነሣን። ከዚያ ወዲያ ጌ. በየመታጠፊያው መርፌዋ የት ናት ይለኛል፤ ትኩሳት ያለበት ልጅ እንደሚጠየቅ። መሃል ናት እለዋለሁ። ወርቁ እውነቱን ነው ያላትን ግን አላነሣትም። እኔም አላነሣሁበት። አልረሳሁም ግን።

ታኅ. 20

የክሪክ፣ የመኪና ማንሻው፣ ትምህርት። ትናንት ገብርኤልን አነገሥን፣ ዛሬ ዳማን ማንሣት። ጌ. በርጩማ ላይ ሆኖ እንደ የኔታ ያስደግመኛል። ቦታው ሜዳ ይሁን። የእጅ ፍሬን ያዢ፣ አንደኛ ማርሽ አስገቢ። ከሚነሣው ጎማ በሰያፍ ያለውን ከፊትም ከኋላም በድንጋይ አስደግፊ። ሰውም ጭነትም ይውረድ። ብሎኖቹን ጎማው መሬት ሳይለቅ ትንሽ ትንሽ አላሊ፤ ካነሣሻት በኋላ ብትታገያቸው ዳማን ገፍተሽ ትጥያታለሽ። መሬቱ ለስላሳ ከሆነ ከክሪኩ ሥር ጣውላ አድርጊ። (ጣውላችን የተሰበረው አልጋችን ጠርዝ ነው። አትሳቂ።)

ክሪኩ የት እንደሚገባ ሲያሳየኝ እጄን ይዞ ከሥር ብረቱ ላይ አኖረው። እዚህ፣ ወፍራሙ ላይ፤ ቆርቆሮው ላይ ከሆነ ይበሳታል። እጁ እዚያ ቦታ ላይ ዓይን አለው።

ከዚያ ድምፁን ለወጠ። እንዳነሣሻት ስኮርታውን፣ ትርፍ ጎማውን፣ ከሥሯ አጋድሚው አለኝ። ክሪክ ያነሣል እንጂ አይጠብቅም። የማንም እጅ፣ የማንም ራስ ከሥር አይግባ፤ የኔም ቢሆን። በይ ድገሚ። ደገምኩ። እንደገና ድገሚ። ደገምኩ።

ብሎን ሲጠብቅ በመስቀል ነው፤ አንዱን ካጠበቅሽ ቀጥሎ ትይዩውን። ወገቤ ተቆረጠ። ደስ ብሎኛል።

ታኅ. 29፣ ገና

ወርቁ ለበዓል መጣ። ምን ይዞ ቢመጣ ጥሩ ነው? የመሪ ልብስ! ገና ሳይወስዳት ለዳማ ልብስ ገዝቷል። እትዬ፣ ራቤል ላይ ጎማ ቢተነፍስ ክሪኩን በቅሎ ታንሣልሽ? እያለ ሥጋዬን በላ። ሁለቱንም በላ ማለቴ ነው፣ የድስቱንም። በቅሎዋ አንተ ነህ፣ አብረኸኝ ትሄድ የለ አልኩት። ቤቱ ሳቀ። ጌ. ከሁሉ በላይ።

ጥር 8፣ ሊነጋጋ ሲል

ባናው ወጥቷል። አይቼዋለሁ፣ ዳግመኛም አይቼዋለሁ። መብራቶቹ በርተው ጠፉ። ዘይት ደህና። ውኃ ደህና። ጣውላ፣ ክሪክ፣ ስኮርታ። ወርቁ እያዛጋ ነው። ጌ. የዳማን ኮፈን እንደ ፈረስ አንገት መታ መታ አደረገና ገባ። ሄድኩ።

ጥር 8፣ ማታ

ቤት ነኝ። ዳማም ቤት ናት። ከመነሻው ልንገርሽ።

ራቤል በሰላም። የገበያውን ባና አራገፍኩ፣ ገብስ ጫንኩ። ወርቁ መንገዱን ሙሉ አንድ ጥፋት ፈልጎ አጣ፤ አነዳድሽ ቀስ ያለ ነው ብቻ አለ።

ስንመለስ ሜዳው ላይ መሪው ወደ ግራ ጎተተኝ። ፍሬን አልረገጥኩም፤ እግሬን ከነዳጁ አነሣሁ፣ ራሷ ቀስ እስክትል። የፊት ግራው ጎማ ተንፍሷል። ነፋሱ ይገርፋል። ወርቁ ፈገግ አለ፤ በዓይኔ አይቻለሁ። ሾፌር እንጥራ ወይ? አለ። ገብሱን አውርድ አልኩት።

ድንጋይ አስደገፍኩ፣ ብሎን አላላሁ፣ ጣውላ አነጠፍኩ፣ አነሣኋት። ስኮርታውን ከሥር አጋደምኩ። ወርቁ በቁጣ፣ ስኮርታው የሚገባው ጎማው ቦታ ነው፣ ከሥር ምን ይሠራል? ይመሻል እኮ!  ጎማውን ፈታሁ። ያኔ የወርቁ ስልክ ከኪሱ ወድቆ ከዳማ ሥር ተንሸራተተ። በደረቱ ተኝቶ ራሱንም ክንዱንም አስገባ።

“ወርቁ ውጣ!”

“እትዬ፣ ደረስኩባት፣ ትንሽ ነው...”

በጋቢው አንገት ይዤ በሙሉ ጉልበቴ ጎተትኩት። በጀርባው ወደቀ። ሊሰድበኝ አፉን ሲከፍት ጣውላው፣ የአልጋችን ጠርዝ፣ ቋ! ብሎ ተሰበረ። ክሪኩ ተጋደመ። ዳማ ወረደች፤ ስኮርታው ላይ ዘጭ ብላ ቆመች።

 ወርቁ ጭንቅላቱ የነበረበትን ቦታ ያያል። እኔም አያለሁ። ገብሱ ላይ ተቀመጥኩ። ማርያም ማርያም ስል ቆየሁ።

ከዚያ ተነሣሁ። ሌላ ማን ይነሣል? ጠንከር ያለ መሬት ፈለግኩ፣ ሰፊ ጠፍጣፋ ድንጋይ አደላደልኩ፣ ክሪኩን ወፍራሙ ብረት ላይ፣ ጌ. እጄን ባኖረበት። እንደገና አነሣኋት። የተነፈሰውን ከሥር አስገብቼ ስኮርታውን አወጣሁ፣ አሰርኩ፣ በመስቀል አጠበቅሁ። ስልኩን በብሎን መፍቻው እጀታ ጎትቼ ሰጠሁት። ወርቁ ገብሱን ሳይታዘዝ ጫነ።

 መሐል ሜዳ ልንደርስ ስንል ቀስ ብሎ፦

“እትዬ... መርፌዋ የት ናት?”

“መሃል ናት፣ ወንድሜ።”

ጌ. በር ላይ ቆሞ ነበር። ገና ሳልወርድ የፊት ግራው ድምፁ ሌላ ነው፣ ስኮርታ ነው አለ። ጆሮውን መቼም አልናቅኩትም። አንገቱ ላይ ተጠመጠምኩ።

ጥር 9

ወርቁ ለጎረቤት ሁሉ ያወራል፤ ድንጋዩን ያስደገፈው እሱ ነው አሉ፣ ዳማንም ያነሣት እሱ። ያውራ! ጌ. እየሰማ በሆዱ ይስቃል። ግን ከሰዓት በኋላ ወርቁ ብቻውን ገባ፣ ወንድሙ ፊት ተቀመጠ። አትሽጣት፣ ለእኔም ቢሆን አለው። ከዚያ ወጥቶ የመሪውን ልብስ በገዛ እጁ ሰፋላት። ለእጅሽ ይሞቅሻል እትዬ፣ ውርጭ ነው አለኝ፤ ዓይኔን ሳያይ።

ጌ. ማታ ጠራኝ። ያቺን ወርቁ እውነቱን ነው ያልኳትን አንሺልኝ አለ። ተነሥታለች አልኩት።

ጥር 10

ዛሬ ጋድ ነው፣ ጾም። ነገ ጥምቀት ነው፤ ታቦቱ ይወርዳል፣ ሰው ሁሉ በየፊናው ነው፣ ድግስ አይሆንም። ስለዚህ ለዳማ የምደግስበትን ቀን ቆረጥኩ። ጌ.ም እሺ ብሏል፣ መምሬም ዳማን ጸበል ሊረጩልን ቃል ሰጥተዋል። ጠላው ከነገ ወዲያ ይጠነሰሳል፤ በጉን ወርቁ ያመጣል፣ ባያመጣ ስልኩን ከዳማ ሥር እመልስለታለሁ። አዲስ ጣውላም ይገዛል፣ ወፍራም። አልጋው ይቅር።

ያልሰማ እንዳይኖር፦ የመሐል ሜዳ ሰው በእግሩ ይምጣ፤ የዘመሮውን ዘመድ፣ የራቤሉን ወዳጅ እኔው በዳማ እየዞርኩ አመጣለሁ። ደብረ ብርሃን እህቴ ከነልጆቿ። ሥራ አለኝ የለም፣ ጉንፋን የለም። ቅዳሴ እንደወጣ፣ እኛ ግቢ፣ በአስተርዮ ማርያም፣ ጥር 21።