ሦስት ሰው እስከ ፐርዝ

ለውድ እህቴ ለርሆቦት፣

እንደምን ሰንብተሻል? ባልሽ ግሩምስ? ሆድሽ ውስጥ ያለው እንግዳስ እንዴት ነው? እግርሽ ማበጡን ተወ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን።

በየቀኑ በስልክ እየተገናኘን ደብዳቤ ምን አመጣው ትይኛለሽ። ስልክ ስንነጋገር እማዬ አጠገቤ ቁጭ ብላ ትሰማለች። ይህን ደብዳቤ የምታደርስልሽም ራሷ ናት፤ እንዳታነበው መነጽሯን በሚጫነው ሻንጣ ውስጥ ከትቼባታለሁ።

ልታርስሽ እሺ ካለች ወዲህ አስጨንቃኝ ነው የሰነበተችው። ልጄ ኤልናታን ስልኩን አይቶ፣ ከቦሌ አውስትራሊያ ፐርዝ ድረስ በቀጥታ ዘጠኝ ሺህ ሦስት መቶ ኪሎ ሜትር ግድም ነው አላት። በቀጥታ የሚሄድ አውሮፕላን አለ ወይ አለችው። የለም፣ በዱባይ ዞሮ ነው፣ መጠበቂያው ሲደመር ሃያ ሰዓት ይፈጃል አላት። «ታዲያ ቀጥታው ምን ያደርግልኛል?» አለችው። ቀጥላ የት እንደሚታደር ጠየቀች። ድሮ ቦንጋ ስትወርድ ጅማ ላይ ቤርጎ ይዛ ታድር ነበር። አውሮፕላን ሌሊቱንም እንደሚሄድ ብነግራት «ሾፌሩ አይደክመውም?» አለችኝ።

ከዚያ አልሄድም ብላ ቁጭ አለች። ምክንያቷን ያወጣችው ለባለቤቴ ለሔለን ነው። እዚያ ብትሞት ማን ይቀብራታል? ዕድሜዋን ሙሉ የከፈለችበት እድር ያለው እዚህ ቀራንዮ ነው። እኔ ብዙ ለፈለፍሁ፤ አልሰማችኝም። መላ ሲጠፋ የእድሩን ዳኛ ጋሽ ፈጠነን ቤት ጠራኋቸው።

ፊት ለፊት ጠየቀቻቸው። አባል ከከተማ ውጭ ሲቀበር እድሩ ሦስት ሰው ይልካል፤ ፐርዝስ ይልካል ወይ? ጋሽ ፈጠነ ፈገግ እንኳ ሳይሉ አሰብ አደረጉ። «ደንቡ አገር አይለይም፣ እትዬ ሙሉወርቅ። እኔን የሚያስፈራኝ ሌላ ነው። ይህ ወሬ ከወጣ አባሉ በሙሉ እኔ ልሂድ ብሎ ይሻማል። ለቪዛው ሲሉ እንዳይጸልዩብዎ!» እማዬ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። «እንግዲህ እነሱን አውሮፕላን ላሳፍር ብዬማ አልሞትም» አለች። እሳቸው እንደወጡ ሻንጣዋን ከቁም ሳጥኑ ላይ አስወረደችኝ።

አሁን ዋናውን ስሚኝ። አውሮፕላን ላይ መጸዳጃ ቤት አልገባም ብላለች፤ በሩ ቢቆለፍብኝ ማን ይሰማኛል ትላለች። ስለዚህ ከዛሬ ጠዋት ጀምራ ውሃ ትታለች። የግፊት ክኒኗን እንኳ በአንድ ጉንጭ ስትውጥ አይቻታለሁ። በተሽከርካሪ ወንበር የሚረዳት ሰው ጠይቄላታለሁ፤ እሷ ግን ለማያውቁት ሰው ጠማኝ አትልም። ስታገኚያት አንገቷ ላይ ተጠምጥመሽ ከማልቀስሽ በፊት ውሃ ስጫት። አልጠማኝም ብትልሽ አትመኛት። ከዚያ መጸዳጃ ቤት ውሰጃትና በሩ ላይ ቁሚላት።

ሔለን በጣም ናፍቀሻታል፤ ግሩምን ሰላም በይልኝ ብላለች። ኤልናታን የሕፃኑን ፎቶ ከማንም በፊት ለእሱ እንድትልኪለት ይለምንሻል። ጋሽ ፈጠነም ሰላም ብለውሻል፤ ከሦስቱ ሰዎች አንዱ እኔ ነኝ ብላችሁ ንገሩልኝ ብለዋል።

በረራው ማታ ነው። እሷ ግን ከጠዋት ጀምሮ ጫማዋን አድርጋ በሩ ላይ ተቀምጣለች። ውሃውን አትርሺ።

ወንድምሽ ማኑሄ
ኮልፌ ቀራንዮ፣ ጥቅምት 14 ቀን 2018 ዓ.ም.